የሰፋው የራስ ቀለበት

ይህን ወሬ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ስለሆነ አንዳንዱ ነገር ተምታቶብኝ ሊሆን ይችላል። ገዢዎቹ ሰባት ነበሩ ወይስ ስምንት፣ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰባት ብዬ ልቀጥል። ጠጠሩን ግራጫ ነበር ያለኝም አለ፣ ቀይ ነበር ያለኝም አለ። አገሩ የጉንዳን አገር መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ሌላ አገር መስሎት የሚቆጣ ሰው እንዳይኖር ነው።

አገሩ ከአንድ ጉብታ ሥር ነበር። እዚያ የሚኖሩት ጉንዳኖች እኛ እንደምናውቃቸው በሰልፍ አይሄዱም። ዓይናቸው ትልልቅ፣ መንጋጋቸው እንደ ጉጠት ረጅም ነው። እያንዳንዷ ብቻዋን ወጥታ፣ ብቻዋን አድፍጣ፣ የቁመቷን አራት እጥፍ ዘላ ታድናለች። ሕዝቡ በሙሉ ሴት ነው። ወንዶቹ በዓመት አንድ ጊዜ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቀ የለም። አንድ ነገር ድንገት ሲያስደነግጣቸው አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ለምን እንደተዘለለ የሚጣራው ከተዘለለ በኋላ ነው፤ ማጣራቱም የእሜቴ በለጡ ሥራ ነበር።

እሜቴ በለጡ የሽታና የመለኪያ አዛዥ ናቸው። በአገሩ ሕግ አንዲት እናት ትነግሣለች፤ ሽታዋ በየክፍሉ እስካለ ድረስ ማንም በማንም ላይ ቀንዷን አታነሣም። እናቲቱ ሞተች የሚባለውም ስትሞት ሳይሆን እሜቴ በለጡ «አሁንስ አይሸተኝም» ሲሉ ነው። በዚህ ወሬ ዘመን እናቲቱ ካረፈች ሦስት ቀን አልፎ ነበር። አዛዧ ግን ለጥንቃቄ «ገና ትንሽ ትንሽ ይለኛል» ይሉ ስለነበር፣ አጉራሾቹ ለሬሳዋ ቁርስና ራት ሲያቀርቡ ሰነበቱ። አልበላም ስትላቸውም «ዛሬ ምግቡ አልጣማትም» እያሉ የአዳኞቹን ስም ይመዘግቡ ነበር።

ትርንጎ በዚያ አገር የራስ ቀለበት ሠሪ ነበረች። የራስ ቀለበት ገዢ የሆነች ሁሉ በግንባሯ ዙሪያ የምታጠልቀው ነው፤ ከተፈለፈለችበት ሽፋን ሐሩ ተፈትሎ ይጎነጎናል። ትርንጎ ጠንቃቃ ሠራተኛ ነበረች። ሁለት ጊዜ ሳትለካ አንድ ጊዜ አትቆርጥም፤ ከቆረጠች በኋላም መልሳ ትለካለች።

እኅቷ አያልነሽ ከእሷ ጎን ካለው ሽፋን፣ በዚያው ማለዳ ነው የተፈለፈለችው። ማንኛዋ ቀድማ እንደወጣች ግን የሚያውቅ የለም። በዚያች ቅጽበት አንድ የዛፍ ፍሬ ከላይ ወድቆ ስለነበር አገሩ በሙሉ ዘሎ ነበርና ያየ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም «ታላቅሽ እኔ ነኝ» እንደተባባሉ ኖሩ። ነገሩን የሚቆርጡት በየማለዳው በዝላይ ነው፤ የተበለጠችው እስኪመሽ ድረስ ሌላዋን «እትዬ» ብላ ትጠራለች።

አያልነሽ አብዛኛውን ቀን ታሸንፍ ነበር። ፌንጣ ከነሕይወቱ በመንጋጋዋ ይዛ፣ የፌንጣው እግር በአየር ላይ እየተንፈራገጠ፣ «እትዬ በይ!» ትላለች።

«ነፋሱ ነው የገፋሽ!»

«ነፋሱም ታላቁን ያውቃል። በይ፣ በይ።»

«እትዬ» ትላለች ትርንጎ፣ እያንገራገረች። በልቧ ግን ደስ ይላት ነበር። በዚያ ለየብቻ በሚታደንበት አገር፣ ሁለት ሆነው የሚወጡት እነሱ ብቻ ነበሩ።

በአራተኛው ቀን እሜቴ በለጡ በእናቲቱ ክፍል በር ላይ ቆመው «አሁንስ አይሸተኝም» አሉ። ሕዝቡም ዘለለ። ከዚያ ውድድሩ ተጀመረ።

የውድድሩ ደንብ እንዲህ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዷ በቀንዷ የሌላዋን ራስ እየገረፈች ሦስት እርምጃ ትገፋለች፤ ያችኛዋ ሦስት እርምጃ ታፈገፍጋለች። ከዚያ ተራው ይገለበጥና ያፈገፈገችው ትገፋለች። ማንም አይቆስልም፣ ማንም አይወድቅም። በዚህ ዓይነት አርባ ቀን ይቆያል። አሸናፊዎቹ የበረቱት ወይም አስተዋዮቹ አይደሉም፤ ያልሰለቻቸው ናቸው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ትርንጎ በዘጠነኛው ቀን ራበኝ ብላ ወጣች። አያልነሽ ግን የመጨረሻዋን ግርፊያ ለሌላ መተው የማይሆንላት ፍጥረት ነበረችና ቀረች።

«ተይው እንጂ፣ ምን ልታደርጊበት ነው?» አለቻት ትርንጎ በሠላሳኛው ቀን፣ ጉርሻ ይዛላት ሄዳ።

«አሁን የዚችን አፍንጫ ሳልገርፍ ብወጣ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለች አያልነሽ፣ አፏ በጉርሻው ተሞልቶ ተቀናቃኟን እየገፋች።

«ያሸነፉት ራሳቸው ይቀላል ይባላል።»

አያልነሽ በተራዋ ሦስት እርምጃ አፈገፈገች። «እንግዲያ ስምሽ የጠፋብኝ ቀን አውጪኝ።»

«ገዢ አራት ዓመት ትኖራለች፤ እኛ ሰባት ወር ነን። ካወጣሁሽ እኮ ያ ሁሉ ይቀርብሻል።»

«ታላቅሽ መሆኔን ረስቼ አራት ዓመት ምን ሠርቼ ልጨርሰው?» አለችና ሳቀች፤ ተራዋም ደርሶ ስለነበር መግፋቷን ቀጠለች።

ትርንጎ ኋላ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አብሰለሰለችው። የምሯን ይሁን የቀልዷን አልለየችም። አያልነሽ የምሯን የምትናገረውም እየሳቀች ነበር።

በአርባኛው ቀን ሰባቱ አሸናፊዎች ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ትርንጎ ለእያንዳንዳቸው ቀለበት ሠርታ አጠለቀች፤ በሥርዓቱ መሠረት ለእያንዳንዳቸው የጭንቅላታቸውን ያህል ጠጠር ተመርጦ በጠጠር ቤት ተቀመጠ። ጠጠሩ ምስክር ይባላል። ከዚያ በኋላ ገዢዎች ከውስጠኛው ክፍል አይወጡም፤ ሥራቸው እንቁላል መጣል ነው። ክፍሉ ጨለማ ነው። ግድግዳው በሐር የተለበጠ፣ ሙቀቱም ደህና ነው፤ ምግቡ ሳይዘለል ይመጣል።

በየሰባቱ ቀን ትርንጎ ለመለካት ትገባለች። በመጀመሪያው ሳምንት የአያልነሽ ቀለበት ጥቂት ላላ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ቅንድቧ ላይ ወረደ። በአምስተኛው ዓይኗን ሸፈናት፤ እሷም አላነሣችውም።

«አያልነሽ፣ ዛሬ ከዛፉ ማዶ አንድ ትልቅ ፌንጣ ያዝኩ» አለች ትርንጎ፣ ቀለበቱን በቀስታ ወደ ላይ እየመለሰች።

«ፌንጣ ምንድን ነው?»

«የሚበላ ነው።»

«የሚበላ ከሆነ ይምጣ።»

«እትዬ ልበልሽ ዛሬ?»

አያልነሽ ጥቂት አሰበች። ያቺ ጥቂት ማሰቧ ለትርንጎ ተስፋ ነበረች። «በይ» አለች በመጨረሻ፣ «እትዬም ይምጣ።»

ትርንጎ ከዚያ ወጥታ እሜቴ በለጡ ፊት ቀረበች። «እሜቴ፣ የገዢዎቹ ራስ እያነሰ ነው» አለች።

እሜቴ በለጡ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። «ልጄ፣ የገዢ ራስ አያንስም። በሕግ የለም።»

«ቀለበቱ እኮ ዓይናቸው ላይ ወረደ።»

«እንግዲያ ቀለበቱ ሰፍቷል። ሰፋ ብለሽ አስጽፊ።»

«ሐር አይሰፋም፣ እሜቴ። ምስክሩ ጠጠር ላይ ይሞከርልኝ።»

ይህን ማለቷ ስሕተት ነበር። አዛዧ ወዲያው ጉባኤ አቋቋሙ፤ ስሙም የመስፋት መርማሪ ጉባኤ ሆነ። ዐሥራ አንድ አባላት ነበሩት። ሁለቱ የሚመረምሩ፣ ዘጠኙ መመርመሩን የሚያረጋግጡ ናቸው። የአያልነሽ ቀለበት መጥቶ በጠጠሯ ላይ ተሞከረ፤ ልክ ገጠመ፣ ፀጉር እንኳን አያስገባም። ትርንጎ እውነቱ የወጣ መሰላት።

ጉባኤው ስድስት ቀን መክሮ ውሳኔውን አነበበ። ቀለበቱ መስፋቱ የታወቀ ነው። ጠጠሩም ለቀለበቱ ልክ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከቀለበቱ ጋር ተስማምቶ ያለ ፈቃድ ያደገ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ ጠጠሩ ከምስክርነቱ ተነሥቶ በጥበቃ ሥር ይቆይ፤ ተጨማሪ እንዳያድግም ሁለት ዘቦች ቀንና ሌሊት ይቀመጡበት። ቀለበት ሠሪዋ ደግሞ ቀለበቱ የሰፋበትን ምክንያት በሰባት ቀን ውስጥ አቅርባ ካላስረዳች፣ መንጋጋዋ ተመዝኖ ወደ ቆሻሻ ክፍል ትውረድ።

መንጋጋው ለምን እንደሚመዘን የገባው አልነበረም። ተቃውሞ ግን አልተሰማም።

ትርንጎ እንዲያው ቢፈረድብኝ የምወርድበትን ልየው ብላ ወደ ቆሻሻው ክፍል ወረደች። ቦታው ከአገሩ ሁሉ ታች ነው። እዚያ ጥጊቱ የምትባል አሮጊት የፌንጣ ክንፍና የጥንዚዛ ልብስ እየለየች ትከምር ነበር። ከአገሩ ሠራተኛ ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ለምን ይህን ያህል እንደኖረች ግን ማንም አይጠይቃትም። ታች ያለን ማን ይጠይቃል?

ትርንጎ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ጥጊቱ አልገረማትም። «የእኔም ወርዶብኝ ነበር» አለች።

«ምንሽ?»

«ቀለበቴ ነዋ። አሁን ካረፈችው እናት በፊት ከገዢዎቹ አንዷ ሆኜ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ጎርፍ ክፍሉን መታውና እኔን ከሌሎቹ ለይቶ ላይ አወጣኝ። ሃያ ቀን ብቻዬን ቆየሁ። ስመለስ ሽታዬ ወዲህም ወዲያም ያልሆነ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሽታሽ ግማሽ ሲሆን ሕዝቡ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ይይዝሻል። አንዷ እግርሽን፣ አንዷ ቀንድሽን፣ አንዷ አንገትሽን ነክሳ ትይዛለች። አይገድሉሽም። እንዲሁ ሦስት ቀን ይዘውሽ ይቆማሉ። ከዚያ ይለቁሻል፤ ሠራተኛ ሆነሻል ማለት ነው።» ጥጊቱ የጥንዚዛ ልብሱን አስቀመጠች። «ራሴ ቀስ በቀስ ሞላ። መጀመሪያ የመጣልኝ የመንገድ ነገር ነው፤ ከዛፉ እስከ በሩ ያለው። ከዚያ ስሜ። ከዚያ ያደረግኩት ነገር ሁሉ። ያ እንኳን ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።»

«ዕድሜሽስ?»

«እሱ ነው የማይመለሰው። ከዚያ ወዲያ የምትኖሪው እንደ እኩዮችሽ ነው። እኔ ስወጣ እኩዮቼ አልቀው ስለነበር ከውስጡ ዕድሜ ትንሽ ተረፈኝ፤ እሱን እየጨረስኩ ነው።»

ትርንጎ ወደ ላይ ስትወጣ ታሰላ ነበር። እነሱ ከተፈለፈሉ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ሃያው ቀን ሲጨመርበት ለእሷም ለአያልነሽም የሚቀረው ከወር ብዙ አይበልጥም። አያልነሽ ካለችበት ካልተነሣች ግን ከሦስት ዓመት በላይ ትኖራለች። ጨለማ ውስጥ፣ ሞቋት፣ ጠግባ፣ እትዬ ምን እንደሆነ ሳታውቅ።

በሰባተኛው ቀን ጉባኤው ፊት ቆመችና በሕይወቷ የመጀመሪያውን ውሸት ተናገረች።

«የተከበራችሁ፣ ቀለበቱ የሰፋው ከእርጥበት ነው» አለች። «የውስጠኛው ክፍል ይረጥባል፤ ሐር እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል። ጠጠሩም ምናልባት እርጥበት ጠጥቶ ይሆናል።»

ዘጠኙ አረጋጋጮች ራሳቸውን ነቀነቁ። እሜቴ በለጡ ፊታቸው ፈካ። «ይኸው! እርጥበት! ታዲያ ይህን በመጀመሪያ ብትዪ ኖሮ ጠጠሩ ባልታሰረ!»

«መፍትሔውስ?» አለች አንዷ መርማሪ።

«አንዷ ገዢ ከነቀለበቷ ላይ ባለው ደረቅ ክፍል ሃያ አንድ ቀን ትቀመጥና ቀለበቱ ይጠብብ እንደሆነ ይታይ። አያልነሽን ብንጀምርባትስ? የሷ ነው ይበልጥ የሰፋው።»

ጉባኤው ይህን በጭብጨባ ተቀበለ። መሬቱ ስለተንቀጠቀጠም አገሩ ሁሉ ዘለለ።

አያልነሽን ወደ ላይ ያወጣቻት ትርንጎ ብቻዋን ናት፤ ደረቁ ክፍል ለሁለት ብቻ የሚበቃ ነበር። ከጠባብ ቀዳዳ ትንሽ ብርሃን ይገባል። አያልነሽ ብርሃኑን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«እዚህ ይቀዘቅዛል። መልሺኝ።»

«ትለምጂዋለሽ።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ቀለበት ሠሪ ነኝ።»

ሌላ ልትላት አልደፈረችም። በየቀኑ ወጥታ ታድናለች፣ ታጎርሳታለች፣ በሩ ላይም ትጠብቃታለች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ልቧ አልችል አለ፤ ገዢዋ ደስተኛ ከሆነች እኔ ማን ነኝና አራት ዓመቷን የምወስድባት እያለች ስትጨነቅ አድራ ነበር። ስለዚህ እቅጩን ልትነግራት ቆረጠች።

«ስሚኝ፣ አያልነሽ። ብመልስሽ ሦስት ዓመት ትኖሪያለሽ። እዚህ ብትቆዪ አንድ ወር ትኖሪያለሽ፤ ግን ራስሽ ይሞላል። የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

አያልነሽ ብዙ አሰበች። «ሦስት ከአንድ ይበልጣል?»

«ይበልጣል።»

«አንድስ ከሦስት?»

ትርንጎ ይህችን ጠይቃ የምታገኘው ነገር እንደሌለ ገባት። መጠየቅ የነበረባት ያችን በአየር ላይ ፌንጣ የምትይዘዋን ነበር፤ ያችኛዋ ደግሞ በሠላሳኛው ቀን አፏ በጉርሻ ተሞልቶ መልሷን ሰጥታ ሄዳለች። ቀልድ ይሁን የምር፣ ሌላ መልስ አልነበረም።

በሃያ አንደኛው ቀን ይዛት ወረደች። እሜቴ በለጡ ከጉባኤው ጋር በውስጠኛው ክፍል በር ላይ ይጠብቁ ነበር። አዛዧ ቀለበቱን ለማየት ጠጋ አሉና አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ቀንዳቸው ቆመ።

«ይህች ... ይህች ግማሽ ናት!» አሉ።

ሕዝቡ ዘለለ፤ ሲወርድም በአያልነሽ ላይ ወረደ። አንዷ የኋላ እግሯን ያዘች፣ ሌላዋ መሐል እግሯን፣ ሌላዋ ቀንዷን። አያልነሽ ጮኸች። በአገሩ ሕግ አንገት የሚይዘው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁሉም ዞረው ትርንጎን ተመለከቷት። ሁለት ጊዜ ሳትለካ የማትቆርጠዋ ትርንጎ፣ ምንም ሳትለካ ቀርባ የእኅቷን አንገት በመንጋጋዋ ያዘች።

ሦስት ቀን እንደዚያው ቆሙ። በመጀመሪያው ቀን አያልነሽ «ማነሽ? ለምን ትነክሺኛለሽ?» ትል ነበር። በሁለተኛው መታገሏን ተወች። ትርንጎ መንጋጋዋ ደነዘዘ፤ ብታጠብቀው እኅቷ ትሞታለች፣ ብታላላው ሌላዋ ተተክታ ታጠብቀዋለች። እንዲሁ በልኩ ይዛ ቆየች። ያ ሁሉ ዘመን ቀለበት የለካችው ለእነዚያ ሦስት ቀናት ሳይሆን አይቀርም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አያልነሽ ተንቀሳቀሰች። ድምጿ ከጉሮሮዋ በዝግታ ወጣ።

«ታላቅሽን» አለች፣ «ታላቅሽን እንዲህ ትነክሻለሽ?»

ትርንጎ መንጋጋዋን ከፈተች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ለቀቁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ በትክክል የማውቀውም ይህን ብቻ ነው። የአያልነሽ ራስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞላ። ጥጊቱ እንዳለችው መጀመሪያ የመጣላት መንገዱ ነው። ቀለበቷ ሲሞከርባት ልክ ገጠማት፤ እንዲያውም «ጠበበኝ» አለች። እሜቴ በለጡ ይህን ሲሰሙ በጣም ደነገጡ፤ ቀለበት ይሰፋል ተብሎ ተወስኗል እንጂ ይጠባል የሚል ውሳኔ አልነበረም። ስለዚህ የመጥበብ መርማሪ ጉባኤ ተቋቋመ። ስድስቱ ገዢዎች አሁንም ውስጥ ናቸው፤ የእነሱ ቀለበት አንገታቸው ላይ ደርሷል፤ ጌጥ ነው ተብሎም ታውጇል። ጠጠሩ አልተፈታም። ዘቦቹ ሁለት ጊዜ በእርጅና ሞተው ሌሎች ተተክተዋል።

አያልነሽ የነቃች ዕለት ምን ያህል እንደቀራት ጠየቀች አሉ።

«እንደ እኔው ነው» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ሰብራ። «ወር ቢሆን ነው። አንቺ ነሽ አውጪኝ ያልሽኝ፤ ግን ቀልድሽን ይሁን አላውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለች አያልነሽ። ከዚያም አንገቷን እያሻሸች ተነሣች። «አሁን ግን ነይ እንውጣ። ሁለት ወር ሙሉ እትዬ ሳልባል ቀርቼ ብዙ አለብሽ።»

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ሐሙስ ቀን ነው፤ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ያባራበት ቀን ነበር። በዚያው ማለዳ ሁለት አሮጊት ጉንዳኖች በጉብታው በር ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ ከፊታቸው ያለውን አንድ ፌንጣ እያዩ፣ «አንቺ ቅደሚ»፣ «የለም፣ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ታይተዋል። የነገረኝ ሰው መንገደኛ ስለነበር ማንኛዋ እንደዘለለች ሳያይ አልፏል።